አረንጓዴ ፊት

ከወደብ ተነሥቶ ሽቅብ የሚወጣው፣
ደረጃው ብዙ ነው፣ ትንፋሽ የሚያሳጣው።
ቫልፓራይሶ ላይ ቤት በቤት ትከሻ ተደግፎ ሲያድር፣
በቆርቆሮው ግድግዳ ነፋስ ሲንደረደር፣
አንድ አሮጌ መጋዘን፣ ድሮ ለዓሣ በረዶ አቆይ፣
ዛሬ ሥዕል ሞልቶት ቆሟል «ኑ እዩኝ» ባይ።

ሠዓሊዋ ኤርሚንያ፣ ኦያርሱን የአባቷ ስም፣
ከጥፍሯ ሥር የሚለቅ አይመስልም ቀለም።
ቀለም ቆጥራ አይደለም ትምህርት ቤት ገብታ፣
ዓሣ ስትዘነጥል ነው ያየችው፣ ሆዱን ከፍታ፤
የሐሞቱን ቢጫ፣ የስንጥቡን ቀይ፣
ቅርፊቱ ሲገለበጥ የሚሸሸውን ሰማይ።

መጀመሪያው ሸራ «ባልዶሜሮ» ይላል፤
መረብ ጠጋኙ ሰው ወንበር ላይ ተጥሏል።
እጆቹ ከፊቱ ይገዝፋሉ፣ ጉልበቱ ላይ ተኝተው፣
እንደ ሁለት ያረጁ ውሾች ከዝናብ ሸሽተው።
የግራው አውራ ጣት አጭር ነው፤ የብሩሽ ስሕተት ነው አልኩ፣
አለፍኩ።
ግንባሩ አረንጓዴ፣ ጉንጩ አረንጓዴ፣
«ምን ነካት ይቺ ሴት?» ብያለሁ አንዴ።
በኛ ቋንቋ ሰው ቀይ ነው፣ ጠይም ነው፣ ቀይ ዳማ፣
ሲቆጣ ይጠቁራል፣ ሲደነግጥ ዐመድ ይሆናል፤
አረንጓዴ ግን ማን አየ? በየት ከተማ?

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁ፤
ያኔ ነው ያየሁ።
አረንጓዴው ከቆዳው አልበቀለም፣
የሰውየውም ሕመም አይደለም፤
አርባ ዓመት ባሕሩ ብርሃን ሲመልስበት ከሥር፣
ከአገጩ እስከ ቅንድቡ ሲቀባው ሲኖር፣
ፊቱ ላይ የቀረ፣
ውኃ የከፈለው ደሞዝ ነበረ።
እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፣ ደግሞም አሰመርኩበት፣
በገዛ ብልጠቴ ትንሽ ኮራሁበት።

ከጎኑ ሦስት ሴቶች አውቶቡስ ይጠብቃሉ።
ካፖርታቸው ሮዝ ነው፣ ብርቱካንማ ነው፣ ወሰን የላቸውም፣
የአንዷ ክንድ የት እንደሚያልቅ፣ የሌላዋ የት እንደሚጀምር አይታወቅም።
ቀለሙ እንደ ቅቤ ወፍሯል፣ በማንኪያ የተደፋ ይመስላል።
መሐለኛዋ ትስቃለች፤ አፍ ግን የላትም፣
ትከሻዋ ነው የሚስቀው።
ለብዙ ደቂቃ ከዚህ አልተነቃነቅሁም።

ሁሉን ግን አላወድስም።
በመስኮቱ በኩል ያለው ትልቁ ሸራ፣ «ሰልፍ» የሚባለው፣
ጨው እንደበዛበት ወጥ ነው፤ ቀይ ብቻ ነው የምቀምሰው።
ቁጣውን ቀብታ ቀብታ፣
ተቆጪውን ሰው ረስታ፣
መቶ አፍ ከፍታለች፤ አንድ ጉሮሮ አልሰማሁም።
ኤርሚንያ ሲደክማት ወደ ቀይ ትሸሻለች፤ ይህን አልደብቅም።

በዚህ መሐል ባልዶሜሮ ራሱ መጣ፣
ላቡን በኮፍያው እየጠረገ፣ ደረጃውን እየረገመ፣
የእኅቱ ልጅ ደግፋው። ሰዉ መንገድ ለቀቀ።
ዓይኑ ፊቱን ዘሎ እጁ ላይ ወደቀ።
«ይህን አውራ ጣት ማን ነገረሽ?» አላት፣
ገመድ የቆረጠውን ግራውን እያሳያት፤
«ስትስይኝ እኮ ኪሴ ነበር የከተትኩት!»
«ኪስህ ተንጋዶ ነበር፤ እሱን ነው ያየሁት።»

እኔ ተጠጋሁና ስለ ፊቱ ጠየቅሁ፣
ባሕሩን፣ ደሞዙን፣ ሁሉን ዘረዘርሁ።
ሰማኝ። ሳቀ።
«የጀልባዬ ቀለም ነው እኮ ይህ የምታየው፣
የተረፈውን ቆርቆሮ እኔ ነኝ የሰጠኋት፣ ካቻምና ነው።»
ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፦ «ትንሽ ተርፎሽ ይሆን?
አፍንጫዋ ተልጧል፣ ሳይዘንብ ልቀባት አሁን።»

ያሰመርኩበትን አልሰረዝኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።
ሲመሽ ደረጃውን ስወርድ፣ አንዲት ሴት
ብርቱካን በፌስታል ሙሉ ደረቷ ላይ ታቅፋ
ሽቅብ ትወጣ ነበር።
ፀሐይ ከጎን ሲመታት
አገጯ ብርቱካን፣ አንገቷ ብርቱካን።
መንገድ ለቅቄላት ቆምኩ።