አትጫነው

እሑድ ከሰዓት ነው፤ በሂጋሺ ኦሳካ ዝናቡ አላባራም፣
የጎረቤት ፋብሪካ ማሽኑን ዘግቷል፤ ዛሬ አያጓራም።
አንቺ ቶሚኤ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ቀኝ እጅሽ እጭንሽ ላይ ተኝቶ፣
ግራሽ አንድ የመብያ እንጨት ይዞ፣ እንደ ዘበኛ ነቅቶ።
እኔ ከጎመኑ ፊት፣ ሽርጥሽን አጥልቄ፣
ቢላው የት እንደሚቀመጥ በሰባ ሦስት ዓመቴ ገና ጠይቄ።

«ቃሏ ቀስ በቀስ ይመለሳል» አለ ሐኪሙ፣ ኮስተር አለና፤
ዛሬ ሁለት እንቁላል ሰበርሁ፤ አንዱም እግር አላወጣም ገና።
እናም ሕግ አወጣን፣ ያለ ቃል፣ በጠረጴዛው እንጨት፦
አንድ ምት «ጠብቅ» ነው፤ ሁለት ምት «ገልብጥ» ማለት።
ስለ ሦስት አልተዋዋልንም።

ጎመኑን ሃሩኤ ናት ያመጣችው፣ ከጓሮዋ፣ ከነጤዛው፣
ሲላጥ ይንቋቋል እንደ አዲስ ጫማ፤ ያበራል ወዛው።
ከተፍሁት። ወፍራም። አንድ ምት።
ደግሜ ከተፍሁት። ቀጭን ነው አልሁ። አንድ ምት።
በሦስተኛው ትንፋሽ የሚያህል ሆነ፣
ክንዴ ዛለ፤ ትእዛዝሽ ግን አልመነመነ።
ቦዬውን ፈቀፈቅሁ፤ ተዝለገለገ፣ እስከ ክርኔ አሳከከኝ፣
ለካ አርባ ስድስት ዓመት አንቺንም ያሳክክሽ ነበር፤ አንድ ቀን አልነገርሽኝ።

ዱቄት፣ የዓሣ መረቅ፣ ቀይ ዝንጅብል፣ እንቁላል፣ ጎመን፣
«አታሽው» ይል ነበር አፍሽ ድሮ፤ ዛሬ ዓይንሽ አለ ያንን።
አየር ይግባበት ብዬ ከሥር ወደ ላይ ሳብ፣ ሳብ አደረግሁት፣
እንደ ተኛ ሕፃን ከአልጋ ወደ አልጋ አዛወርሁት።

መጥበሻው ጋለ። ክቡን አፈሰስሁ፣
ስስ የአሳማ ሥጋ፣ ሦስት ቅዳጅ፣ ከላዩ አለበስሁ።
ተንጫጫ።

እዚህ ላይ ነው እጄ የከዳኝ። አመል አይደል?
አርባ ዓመት የብረት መጫኛ ማሽን ላይ የዋለ እጅ፦
ቆርቆሮው ይተኛል፣ ፔዳሉ ይረገጣል፣ ዷ!
የሩዝ ማብሰያ ክዳን፣ የብስክሌት ጭቃ መከላከያ፣ ዷ!
በቀን ሁለት ሺህ ጊዜ ማበጥን መቅጣት የተማረ፣
ቤት ሲገባም ያልተወው፤ ያገኘውን ሁሉ ጠፍጥፎ ያደረ።
ኩኒሂኮ «ሥዕል ልማር» ሲል፣ ዷ!
አንቺ «ባሕር እንይ» ስትይ፣ «በዓል ይምጣ» ብዬ፣ ዷ!
መገልበጫውን አነሣሁ። ሊጡ መሐሉ ላይ አብጧል፤ አላስችል አለኝ፣
ልጫነው እጄን ስሰነዝር

ኳ። ኳ። ኳ።

ሦስት። ያልተዋዋልንበት።
ዞር ስል ከንፈርሽ ይንቀጠቀጣል፣
አንድ ቃል ጉሮሮሽ ላይ እንደ ዛገ በር ይታገላል፣
«አት…» አልሽ።
ስምንት ወር ሙሉ የጠበቅሁት ቃል፣
ስሜ ይሆናል ብዬ ነበር፣ «ኢዋኦ»፣
ወይ የልጃችን ስም፣ ወይ «ውሃ»።
«አትጫነው።»

እጄን አወረድሁ። እንፋሎቱ መንገዱን ፈልጎ በጎን በኩል ወጣ፣
ጎመኑ በገዛ ላቡ በሰለ፤ ያበጠ ሁሉ ለካ አይደለም ቁጣ።
ሁለት ምት። ገለበጥሁ።
ግማሹ መጥበሻው ላይ ወደቀ፣ ግማሹ ምድጃው ላይ፣
አንቺም ሳቅሽ፤ ከፊትሽ በአንድ ወገን ብቻ የሚወጣ ሳቅ፣
ግን ምንም ያልጎደለው።

ስባሪውን ገጣጥሜ ስጎ ቀባሁት፣ ስፌቱ እንዳይታይ፣
ማዮኔዝ አዞርሁበት፣ የባሕር ሣር ዱቄት ነሰነስሁ ከላይ፤
የደረቀው ዓሣ ፍቅፋቂ ሙቀቱ ሲነካው ተነሥቶ ተወዛወዘ፣
እንደገና የሚዋኝ ይመስል።

ኦኮኖሚያኪ፦ «እንደወደድከው የተጠበሰ» ማለት ነው ስሙ።
እኔ እንደወደድሁት የጠበስሁትን አውቀዋለሁ።
ዛሬ አንቺ እንደወደድሽው ይሁን።
አንድ ጉርሻ ላንቺ፣ በግራ ጉንጭሽ፤ አንድ ለእኔ፤
ሦስተኛው ድርሻ ሳህኑ ላይ ቀረ።

ለኩኒሂኮ ደወልሁ። ምን እንደምለው አላውቅም።
«ጎመን ተርፏል፣ ና» እለዋለሁ መሰለኝ።
ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፤ ልዘጋው አውራ ጣቴን ሳነሣ፣
አንድ ምት።