የግራ እግሬ ጡረታ

ሠላሳ ዓመት ፔጆ ነዳሁ፣ ከሸዋ በር ፈረስ መጋላ፣
ማርሽ በጆሮ ስቀይር፣ ሞተሩ ሲያቃስት ሲላላ።
ዛሬ በፈቲሃ መኪና
ግራ እግሬ ግራ ገብቶት፣ ወለሉን ይዳስሳል፤
«ፍሪሲዮን የለውም አባ!» ቢሉት፣ ልማድ መቼ ይረሳል?

ዲ ላይ አድርጌ ፍሬን ስለቅ፣ ነዳጅ ሳልሰጥ ተነሣ፣
ቤቱን እንደሚያውቅ አህያ፣ ጌታውን እንደረሳ።

ደጃችን ቁልቁለት ነው። ቆምኩ። ፒ።
የእጅ ፍሬን።
«በቃ፣ ውረድ» አለች።

ወረድኩ። ፔጆው ሲሸጥ
ከአጥሩ ሥር የቀረችውን ድንጋይ፣
ከፊት ጎማው ሥር ሻጥ!
ሳቀች። ትሳቅ። የፒን ጥርስ እኔ አላየሁትም፤
ያላየሁትን ጥርስ ደግሞ፣ ቁልቁለት ላይ አላምነውም።

ድንጋይዋን በእርግጫ አጠበቃት
ግራ እግሬ፤
ሥራ ፈትቶ ውሎ፣ ማታ
አንድ ሥራ ተገኘለት።