ሙጫው ሳይደርቅ

«ቀለም ብቻውን ይዋሻል» ትላለች ኤርሲሊያ፣
በተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀምጣ፣ በጥር ብርድ፣ በሊጉሪያ።

ስለዚህ ገደሉን በኖራና በአሸዋ ለስና አቆመችው፣
ባሕሩን ከተጣለ መረብ ቆርጣ በሰማያዊ ነከረችው።
ቤቶቹንማ፣ እያንዳንዱን ከጣለው ነገር ሠራች፦
የቱሊዮን ዳቦ ቤት ከዱቄት ከረጢት ቀደደች፣
የጂኔቭራን ሮዝ ግድግዳ ከሎሚ መጠቅለያ ወረቀት፣
የደወሉን ማማ ቄሱ ካልከፈለው የመብራት ሒሳብ፣ ይቅር ይበላት፤
ደረጃው ግን በእርሳስ ነው፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት እርከን፣
አልቆጠረችም፤ ጉልበቷ ያውቃል፣ ይነግራታል ቀን በቀን።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰዉ መጣ፣ ቤቱን ሊፈልግ፣
ጣቱን ሰዶ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ።
«የእኔ ቤት ዘመመ!» አለ ቱሊዮ፣ ዱቄቱን እንደለበሰ፤
«አንተስ መች ቀጥ ብለህ ታውቃለህ?» ሳቃቸው ውሃው ላይ ፈሰሰ።

ከላይ፣ ከወይራው ሥር፣ ለአንድ ቤት በር አልተሠራለትም፤
ግንብ አለው፣ ጣራ አለው፤ መግቢያው ነጭ ሸራ፣ ቀለም አልፈሰሰበትም።
«ረሳሽው?» አላት አንድ ልጅ። ትልልቁ ሰው ዝም ብሏል፤
ኦታቪዮ ዴልፊናን የቀበረ ዕለት ያን ቤት ዘግቶታል፣
ቁልፉን ከዓለቱ ጫፍ ባሕር ጥሎ፣ ከዓሣ መጋዘኑ ጀርባ
ሰባት ዓመት ሆነው፣ ሲያድር በጀልባ።

እሱም ከሰዉ ኋላ ቆሞ ነበር። ሲበተኑ ተጠጋ፣
መረብ ሲጠግን የጎበጠ ጣቱን በጭንቅ እየዘረጋ፤
«ቁልፍ አለኝ» አለ፣ ድምፁ በጨው የሻከረ።
ከኪሱ አወጣ፣ በመሐረብ የተቋጠረ፦
አረንጓዴ፣ ባለ አራት ዓይን፣ ክሩ ከላዩ ያልተበጠሰ፣
ከዴልፊና ካፖርት፣ ከአንገቷ ሥር የተቀነሰ።

ኤርሲሊያ ምንም አላለች።
ሙጫ ቀባች፣ በአውራ ጣቷ ተጫነች፤
ነጩ ላይ፣ ከወይራው ሥር፣ አረንጓዴዋ ክብ በር ሆነች።

«ሙጫው ሳይደርቅ አትግፋው» አለችው፣ ብሩሿን እያጠበች።
ሲመሽ ግን ደረጃው ላይ አንዲት ባትሪ፣ እያረፈች፣ እያረፈች፣
ወደ ላይ ትወጣ ነበር።