እሳት ወማይ

በነሐሴ፣ ሳልሚያ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣
የጣሪያውን ታንከር ሲቀቅለው ፀሐይ፣
ሰማያዊ ነጥብ ያለበትን ቧንቧ
ስከፍተው፣ እጄ ላይ እሳቱን አነባ።

ኩማሪ ናት ያስተማረችኝ፣ ከእኔ በፊት የነበረች፣
ሻንጣዋን በጉልበቷ ተጭና እየዘጋች፦
«ማሞቂያውን ማታ አጥፊው፣ ውሃው ይደር በጨለማ፤
ቀዩን ትከፍቻለሽ ስትነቂ በአዛን ዜማ።
በዚህ አገር ሐሩር ቀዩ ነው የሚበርደው፤
ሰማያዊውን ተይው።»

እሳትና ውሃን በሌላ ስም አውቃቸው ነበር።
ጉንደወይን፣ መሪጌታ አጥናፌ ሁለት ጣት ዘርግተው፣
እሳት ወማይ፣ ይሉን ነበር፤
«አምላክ እጅ ጠምዝዞ አያጸድቅም ሰው፤
ወደ ወደድሽው ነው እጅሽን የምትሰጂው።»
ለፈተና መልሼዋለሁ፣ ዐሥር ከዐሥር።
ነጥቡ የተቀያየረ ቧንቧ ግን ለጥያቄ አልመጣም።

ውሉ ላይ ያረፈው አውራ ጣት የእኔ ነው፤
ማንም አልጠመዘዘኝም።
የአባቴ የማዳበሪያ ዕዳ ብቻ
ክርኔን ደገፍ አድርጎ ይዞት ነበር።
ፍልሰታንም በፈቃዴ ነው የጾምኩት፤
ሥጋውን ወደ ሳህኑ ጠርዝ እየገፋሁ፣
መረቁ የገባበትን ሩዝ በላሁ።
ይህ ስንት ከዐሥር ነው፣ መሪጌታ?

ሐሙስ ዕለት ማዳም ቁልፉን በሩ ላይ ረስታ ወጣች።
ነጠላዬን ለበስኩ። ሊፍቱን ጠራሁት። መጣ፤
ሆዱን ከፍቶ ቆመ፣ ባዶ፣ ብርሃናም።
ያን ጊዜ ከመጨረሻው ክፍል፣
ግማሽ ጎኗ የማይታዘዛት ሐጃ ሙኒራ
«ማይ» አለች።

በእነሱ አፍ ውሃ ማለት ነው።
በቅዳሴያችንም ውሃ ማለት ነው።
የቀትር ሶላቷ ደርሶ፣ እጇን ላስታጥባት ነው።

ተመለስኩ። ይህን ጽድቅ አትበሉብኝ፤
ፈሪም ይመለሳል፤
ፓስፖርቱ መሳቢያ የተቆለፈበት እግርም ይመለሳል፤
የራራም ይመለሳል።
ሦስቱም በአንድ ጫማ ነው የተመለሱት፤
የቱ እንደ ቀደመ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ሁለቱ ቧንቧዎች ፊት ቆምኩ። ቀዩን ከፈትኩ።
በጣቶቿ መሃል ሲወርድ ዓይኗን ጨፈነች፤
ውሃው ቀዝቃዛ ነበር።
ትናንት ማታ፣ ለራሴ ገላ ብዬ፣
ማሞቂያውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤
ይህችን ታህል ነበረች ፈቃዴ፣ የአንድ ጣት ስፋት፣
በጨለማ፣ ለማን እንደምትበርድ ሳላውቃት።

ሊፍቱ ጥቂት ጠበቀ፤
ከዚያ በሩን ዘግቶ ወረደ፣ ሌላ ሰው ፍለጋ።