ያጠበቀው ማን ነው

ዓባይ ማዶ፣ ከዋርካው ሥር፣ ካርቶን አንጥፌ ተኝቼ
ዝገት ይዘንብብኛል፣ በከፊል ዓይኔን ዘግቼ።
ፒካፗ የዓይናዲስ ናት፤ ዓሣ ነጋዴ ናት እሷ፣
ከሐይቁ ዳር የምትጭን፣ የምትነዳ በራሷ።
ከሣጥኑ የበረዶ ውኃ ጠብ ሲል ባሌስትራው ላይ
ብረቱ ቀስ ብሎ ታመመ፤ ሰው ሳይሰማ፣ ሰው ሳያይ።

ትናንት ቡሎኑን ልፈታ መፍቻ አስገብቼ ስስብ
ቀጭ አለ።
ይህን ድምፅ ያውቀዋል መካኒክ የሆነ ሁሉ፤
አፍ ውስጥ ጥርስ እንደሚሰበር፣ እንደዚያ ነው አመሉ።
ራሱ መዳፌ ላይ ቀረ፣
እግሩ ቴላዮው ውስጥ ተቀበረ።

ረዳቴ ምንይችል፣ “በቃ” አለኝ፣ “ይቆረጥ ጎኑ፣
አዲስ እንበይድበት፤ ምን ያደርጋል መለመኑ?”
ዝም አልኩት።
ፍሬን ዘይት ከናፍጣ ጋር በቆርቆሮ ቀይጬ
በዶሮ ላባ አጠጣሁት፤ ነጋ፣ መጣሁ ሮጬ።

ቡሊኖ ተከልኩ መሐሉን፣ በጣቴ ጫፍ ዳስሼ፣
ትራፓኖውን አስነሣሁ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ታግሼ።
ፑንታው ግማሽ ጣት ሳይገባ፣ ገና ቅርፊቱን ሲያነሣ
መብራት ጠፋ።
ሠፈሩ በአንድ አፍ “ኤጭ!” አለ። ወፍጮው ዝም፣ በያጁ ዝም፤
ከጣና የሚመጣው ነፋስ ብቻ ቅጠል ያገላብጣል፣ አይደክም።
“ዓሣዬ ሊሞትብኝ ነው” አለች፤ ከሞተ ሁለት ቀኑ ነው፤
በረዶው ሲቀልጥ ግን ደግሞ ሁለተኛ ሞት አለው።

ጋዙ መብራት አይጠይቅም። ምላሱን አቅጥኜ ለኮስኩ፣
ቡሎኑን ትቼ ዙሪያውን በእሳት ጫፍ ላስኩ።
ጠቆረ። ደም መሰለ። ኋላም የብርቱካን ልጣጭ።
“ጧፍ ስጪኝ!” አልኳት።
ለጊዮርጊስ የገዛችው አንድ እስር ጧፍ ነበራት፣
ከመሪው ጎን የሸጎጠችው። “የስለት ነው” ስትለኝ፣
“ይኼም ስለት ነው” አልኳት።
አንዲቱን መዘዘች።
ሰሙ ቀለጠ፤ በጥርሱ መሐል ሰረገ፣
ናፍጣ ሌሊቱን ሙሉ ያላደረገውን አደረገ።

ጢሱ ሲገለጥ፣ ጥቀርሻውን በጨርቅ ስጠርግ
አየሁት፤ ከቀዳዳው አጠገብ፣ በቡሊኖ የተመታ
ሦስት ነጥብ።
የኔ ምልክት።

ጋሽ ሳህሉ ዘንድ፣ ያኔ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለማጅ ሳለሁ፣
መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቼ፣ እግሬን ተክዬ ስቤያለሁ፤
ብረቱ “በቃኝ” ሲል እየሰማሁ አንድ ዙር ደግሜያለሁ።
ሽማግሌው አይቶኝ ሳቀ፤
“አቤት ልየው፣ ይኼ እጅህ መፍታት የሚባል አያውቅ!” አለኝ።
ምርቃት መሰለኝ። ሳምንት ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።
(ሚስቴም በሽማግሌዎች ፊት ይህንኑ ቃል ደገመች፤
ያኔ ገባኝ። ግን ሄዳ ነበር።)

ብረቱ በረድ ሲል መሮ ጠርዙ ላይ አስደግፌ
በግራ፣ በግራ መታሁት። እምቢ አለ። ቆየሁ አርፌ።
ደግሜ መታሁት።
የፀጉር ያህል ተነቃነቀ።
ወደፊት ትንሽ፣ ወደኋላ ትንሽ፤ ጮኸ፤ ላቀቀ።

ዓይናዲስ ጉማጁን በነጠላዋ ጫፍ ተቀበለችው፤ ገና ይፋጃል።
“ማን ነው” አለች፣ “እንዲህ አርጎ ያጠበቀው? ጠላት ነበረው?”
ምንይችል ሦስቱን ነጥብ ያውቃል። አልተነፈሰም።
“አንድ ጎረምሳ” አልኳት።
“የት አለ አሁን?”

መኪናዋ ሥር ተመልሼ ገባሁ።
አዲሱን ግራሶ ቀባሁት፤ በጣቴ ጀመርኩ፣ በመፍቻ ጨረስኩ፤
“በቃኝ” ሲለኝ እዚያው ላይ እጄን መለስኩ።

ኋላ መብራት መጣ። ሳናጠፋው የተውነው ትራፓኖ
አፈሩ ላይ ዞረ፣ ለብቻው፣ የሚበሳው አጥቶ፣ ባክኖ።