ፌብሩዋሪ ሠላሳ

ማስጠንቀቂያው ሦስት ዓመት ሙሉ በቢጫ ሲጻፍ ኖሯል፦
«ይህ አጠራር ይቀራል፣ ይህ ልማድ ይሻራል።»
ቶርጌርዱር እያየች አለፈችው፤ ቢጫ ነው፣ ቀይ አይደለ፤
ፈላጊው ይፈልጋል፣ መልሱም በጊዜው ከተፍ እስካለ።

ኢሳፍዮርዱር፣ የጃንዋሪ መባቻ፣
ፀሐይ ከተራራው ጀርባ፣ ወሬዋ ብቻ።
የወደቡ መዝገብ ቤት፣ ከዓሣ ማቀዝቀዣው ጎን፣
የሰመጡ ጀልባዎች ዝርዝር፣ የጥምቀት፣ የቀብር ቀን፣
አራት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ከሦስት መቶ ስድስት ሰነድ፣
ሁሉም በአንድ ፈላጊ ሞተር እጅ፣ በአንዲት ማሽን ሆድ።

ከሰባት ወደ ስምንት፤ ለሰሚው የአንድ ቁጥር ነገር።
ማታ ጫነችው። ተነሣ። መብራቱ አረንጓዴ ነበር።

ጠዋት ሲግፉስ መጣ፣ በሰባ አራት ዓመቱ፣
ከጫማው በረዶ አራግፎ፣ በሁለት ጣቱ፣
የቅድመ አያቱን ስም ጻፈ፣ እንደ ልማዱ፦
አውድብዮርግ።
ከእንግሊዝ መርከበኛ የገዛት አሮጌ ሰሌዳ ናት፤
አንገቷ ላይ ጭረት ያላት ድ የላትም፤
በተራዋ ድ ጻፈ።
ውጤት፦ ዜሮ።

ቀይ የለም፣ ጩኸት የለም፣ የተሰበረ ነገር የለም፤
ዜሮ ብቻ፣ እንደ ጨዋ እንግዳ ዝም።

አሮጌው ሞተር ሃሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ
እንደማይለይ ጸሐፊ ነበር፤ ሁለቱን ድ አንድ አድርጎ ይሰማል።
አዲሱ ንባብ አራሚ ነው፤
ስሙን አሳስተህ ከጠራኸው ዞር ብሎም አያይህ።

«ወደ ሰባት መልሺው» አላት።
ስምንት የነካውን ሰባት አያነበውም፤
የፈሰሰ አይታፈስም።
ደግነቱ ማታ፣ እጇን ሳታስገባ፣
በሌላ ማድጋ ቀድታው ነበር።

አሮጌውን በር ላይ አቆመችው፣ ለመጣው ሁሉ እንዲመልስ፤
አዲሱን ከጓሮ፣ ባዶውን፣
የፊደሉን ሕግ ጽፋ፣ ሁለቱን ድ አስታርቃ፣
ሰነዱን ከአንዱ ወደ አንዱ ትገለብጥ ጀመር።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆጠረች፦
ሦስት መቶ አምስት።
አንድ ጎደለ።

ለአራት መቶ ሺህ አንድ ምኑ ነው? ማን ይጠይቃታል?
ካፖርቷን ለብሳ ነበር፤ አወለቀችው።
ከተጣሉት መካከል ፈለገች፣ አገኘች፦
«ቀኑ ልክ አይደለም።»
ባለ ስድስት መቅዘፊያ ጀልባ፣ ከነሰዎቿ ያልተመለሰች፣
በቄሱ እጅ፦ ፌብሩዋሪ ሠላሳ፣ አሥራ ስምንት መቶ ሰማንያ ሦስት።

አሮጌው ሞተር ሳያኝክ ውጦት ኖሯል፣
አንድም ቀን ሳያንቀው።

(ታሪኩን ስሰማ ሳቅሁ፤ በእኛ ቆጠራ የካቲት ሠላሳ
ደመወዝ የሚከፈልበት ደህና ቀን ነው።
ግን ባሕሩ የነሱ ነው።)

ሲግፉስ ሲነጋ መጣ። «ሃያ ስምንት ላድርገው?»
መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አጠለቀው።
«አይሆንም። ሴቶቹ ወሩን ሙሉ ዳር ቆመዋል።
ወሩ ሲያልቅ መጻፍ ነበረበት፤ ብዕሩ እንቢ አለው ይሆናል።
ሁለት ቀን ጨመረላቸው።
ማን ያውቃል፣ ምናልባት መቁጠር አይችልም ነበር።
ግን አንቺ አትቀንሺበት።»

አዲስ ረድፍ ከፈተች፣ «እንደ ተጻፈ» ብላ ሰየመችው፤
አይቆጥርም፣ አያርምም፣ የተባለውን ይይዛል።
የቀኑን ቦታ ባዶውን ተወችው።
ደግማ ቆጠረች፦
ሦስት መቶ ስድስት።

ያኔ የበሩን ስም ከአሮጌው ነቅላ በአዲሱ ሰቀለች፤
መንገደኛ ቢያልፍ ልብ አይልም።
ሲግፉስ በተራዋ ድ ጻፈ፤
አውድብዮርግ፣ ጭረቷን አንገቷ ላይ እንዳደረገች፣ መጣች።

አዲሱ ሞተርም፣ ገና በመጀመሪያ ቀኑ፣ በቢጫ፦
«በዘጠኝ ይህ ይሻራል።»
ካፖርቷን ዳግም አወለቀች።
ቁጭ ብላ አነበበችው።