ቱንቢ

የየሎናይፍ ፀሐይ በሐምሌ መጥለቅ ትረሳለች፤
ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገና ጀርባችንን ታሞቃለች።
ሄርኩለሱ ቆሟል፣ አንድ ጎማው ተንፍሶ፣
ሠላሳ አምስት ቶን ብረት፣ በግራ እግሩ አነክሶ።

እኔና ሮዴልዮ ክሪኩን እየገፋን ደረስን።
“እዚህ ይሁን፣” አለ፣ “መሬቱ ድንጋይ ነው።” አመንን።

በርናዴት ላፈርቲ መጣች፣ አለቃችን፣ ሽበታም፣
ሃያ ስድስት ዓመት ከክንፍ ሥር፤ ቃል አታበዛም።
አልተቆጣችም። ተረከዟን አስፋልቱ ላይ ተከለች፣
በሙሉ ክብደቷ ቆመች፣
ቆጠረች፣
አነሳች።
ጉድጓዱን በጣቷ ለካች፤ ሳንቲም ቢተኛ ይጠፋበት።
“እኔ ስልሳ ኪሎ ነኝ፣” አለች፣ “የእሱን ራሳችሁ አስሉት።”

ላሜራ ጎተትን፣ ከሥሩም ጣውላ፣
አንዱን በቁመት፣ በአግድም ሌላ፤
ክሪኩ የሚረግጣት መዳፍ የምታህል መሬት
የአውድማ ያህል እንድትሰፋለት።

ከዚያ ነፋስን ጠየቅን። ነፋስ የለም፣ ትንኝ ብቻ።
ነዳጁ ግራና ቀኝ እኩል። በሮቹ ተዘጉ።
ውስጥ የቀረው አብራሪ ቡናውን ይዞ ወረደ።
ከሆዱ በክር ቱንቢ አንጠለጠልን፣
ጫፉ ከነጥቡ ላይ፣ እንደ ትንፋሽ ቀርቦ፣ ሳይነካ።
“ከአሁን በኋላ አንድ አፍ ነው ያለው፣” አለች፤
“ሌላው ሁሉ ጆሮ ነው።”

ፓምፑን ስንረግጥ ዘይቱ አቃሰተ።
ክንፉ በጣት፣ ደግሞ በጣት፣ ወደ ላይ ተጎተተ።
ቀለበቱን ከሥር ከሥሩ እያጠበቅሁ ተከተልኩት፤
ዘይት ሲከዳ የሚይዘው ቀለበት ነው፤
ይህን እዚህ ነው እንጂ ከትዳሬ አልተማርኩት።

ጎማው መሬቱን ሊለቅ ፀጉር ሲቀረው
ቱንቢው ፈቀቅ አለ፣ የሩዝ ፍሬ ያህል።

“ቁም።”

አብራሪው ሰዓቱን አየ። እሷ ቱንቢውን።
የግራው ጣውላ ጫፍ፣ ድሮ ለኬብል ተቆፍሮ
የተደፈነ ቦይ ላይ ነበር፤ ላዩ ጥቁር፣ ውስጡ አሸዋ።
ያመኑት ፈረስ፣ ልል ነበር፣ ደንደሱን ሳየው።
“ዝቅ፣” አለች። በመጣንበት መንገድ፣ በዚያው ዝግታ፣
የሁለት ሰዓት ድካም ቁልቁል ወረደ።

ስድስት ክንድ ወደ ኋላ አስጎተተችው።
ትራክተሩ እስኪፈታ ዳቦዋን እየገመጠች
ያን ምሽት ብቻ ብዙ ተናገረች፦

“ኮንክሪት በመዶሻ ምታው፤ ባዶ ከሆነ ይናዘዛል።
ጠጠር ወሬ ነው፣ ከሥርህ ይበተናል፤
ጠንካራውን እስክታገኝ ቆፍር።
የሐይቁ በረዶ ግን… በጥር ብረት ይመስልሃል።
አጠገቡ ቀዳዳ ብሳና ውሃውን ጠብቅ።
ውሃው ወደ አንተ ከወጣ፣ አንተ እየወረድክ ነው።”

ሁለተኛው ጊዜ ቱንቢው ዝም አለ።
ጎማው ተቀየረ፣ ቀለበቱ ላላ፣ ክንፉ ወረደ፤
ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ በፀሐይ፣ ሄርኩለሱ ሄደ።
መሬቱ ላይ የላሜራው ጠርዝ ቀረ፣ እንደ መልስ፣
ከጎኑም ያቺ የተረከዝ ጉድጓድ፣ የሳንቲም ማደሪያ።

በመስከረም ጡረታ ወጣች፤ ሄይ ሪቨር ገባች፣ ዓሣ ልታጠምድ።
ጉድጓዷ አልተደፈነም። ሲዘንብ ቀድማ የምትሞላው እሷ ናት፣
ሲበርድም ቀድማ የምትጋገረው።

ትናንት አንድ አዲስ ልጅ ክሪኩን እየገፋ መጣ።
“እዚህ ይሁን፣” አለኝ፣ “መሬቱ ድንጋይ ነው።”

አልተቆጣሁም።
እኔ ዘጠና አንድ ኪሎ ነኝ።